የሰማያዊዋ መኪና መሪ

ነመራ ወሬውን የሰማው ፊቱን ሊታጠብ ጓሮ ወጥቶ፣ ጣሳውን እንደ ያዘ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። የመካኒኩ የአራርሳ ሚስት ዲሪቤ ማለዳ ምንጭ ወርዳ ነበር አሉ። ተራዋ ሲደርስ ሴቶቹ እንስራዋን ገለል አድርገው የራሳቸውን ደቀኑ፤ ደግማ ብትሰለፍም እንዲሁ አደረጓት፤ በሦስተኛው አንዲቱ በግልጽ፣ የገዳይ ሚስት ከእኛ ጋር አትቀዳም አለቻት። ዲሪቤም ባዶ እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ወጣች። ይህን የምታወራው ሴት ትንሽ ያዘነች ትመስል ነበር። ሁለተኛዋ ግን፣ «ገና ምኑ ታየና። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት የባሏ ስም ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ምንጩም ወፍጮውም ይዘጋባቸዋል» አለች። ነመራ የጣሳውን ውሃ መሬት ላይ ደፍቶ ወደ ቤት ገባ። ፊቱን አልታጠበም። ስሙን የሚጠራው እሱ ራሱ ነበር።

ወንድሙ ዲንቃ ከሞተ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የቡና ነጋዴውን የአቶ ወንድይራድን ሰማያዊ የአሜሪካ መኪና ይዞ ከሁሩሙ ወደ መቱ ሲመለስ፣ ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ። አብሮት የነበረ ሰው የለም፤ ያየም የለም። ማንም ያላየው ሞት ሲሆን በአገሩ ወግ የሟች ታላቅ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ የሚጠረጥረውን ሰው ስም ይጠራል። የተጠራው ሰው ከሟች ዘመዶች ትይዩ ለብቻው ይቆማል፤ ወይ ያምናል፣ ወይ ይምላል። ጉማው፣ የደሙ ካሳ፣ ተከፍሎ እርቅ እስኪወርድ ድረስም ከሟች ቤተሰብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አያድርም፤ ከአንድ ገበታ አይቆርስም። ምሎ ነጻ የወጣ እንኳ ቢሆን ስሙ አንዴ ተጠርቷልና እንደ ድሮው አይሆንም። ነመራ በሚኖርባት በቡሬ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ያውቃል። በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ተጠራ፣ ማለ፣ በሬውም በኋላ ከጫካ ተገኘ፤ ሰውየው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ሲሞት ሬሳውን የሚሸከም ጎረቤት ታጥቶ ልጆቹ ብቻቸውን ተሸክመውታል።

ጥርጣሬው ከየት እንደ መጣ ቢጠየቅ አንድ በአንድ ሊቆጥር ይችል ነበር። አራርሳ ያቺን መኪና ራሱ ሊነዳት ፈልጎ ነበር፤ ወንድይራድ ግን ቁልፉን ለዲንቃ ሰጠው። በአደጋው ዋዜማ አመሻሹ ላይ አራርሳ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ሲፈታና ሲያስር ሦስት ሰዎች አይተውታል። ለቅሶ ሲመጣም ድንኳኑ በር ድረስ ደርሶ ተመለሰ፤ ንጹሕ ሰው ምን ይመልሰዋል? ከሁሉ በላይ ግን ዲንቃ ራሱ የተናገረው ነገር አለ። ከመሞቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ቡሬ መጥቶ፣ ነመራ ጋዝና ጨው የሚቸረችርባት ሱቅ በር ላይ መኪናዋን አቆመና ወርዶ መዳፎቹን እያየ፣ «ይህቺ መኪና ደስ አትለኝም። መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል፤ ከሥሬ ጭቃ ይሁን ጠጠር ይሁን እጄ አይነግረኝም። ሌላ ሰው አብሮኝ የሚነዳ ነው የሚመስለኝ» አለው። ነመራ ያን ጊዜ ስቆ፣ ሰው እንዴት ሥራ ቀለለልኝ ብሎ ያማርራል አለና አለፈው። ከቀብሩ በኋላ ግን ያቺ ንግግር ከጆሮው አልወጣ አለች። ሌላ ሰው። ማን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገራችን ሰው፤ ነመራም ወንድሙ ሳይጠረጥር ሞቷልና እሱ ለሁለት ሊጠረጥርለት ቆርጦ ተነሣ።

የዲንቃ ቤት አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። ግድግዳው በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጧል። ለለቅሶ የተዋሷቸው አግዳሚ ወንበሮች ገና አልተመለሱም፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው መስኮቱን ስለ ከለሉት ቤቱ በጠዋቱም ደንገዝገዝ ያለ ነው። የዲንቃ ሚስት ዋሪቱ ሁለቱን ሴት ልጆቿን ወደ ዳሪሙ፣ እናቷ ዘንድ ልካቸዋለች። ከቀብሩ ወዲህ እሷና ነመራ በዚህ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት እንግዶች ነበር የሚኖሩት፤ እሷ ስታቀርብ እሱ ይበላል፣ እሱ ሲወጣ እሷ ትጠርጋለች፣ የሟቹን ስም ግን አንዳቸውም አያነሡም። ዛሬ የተቀቀለ ጎደሬ በሣህን አቀረበችለትና እንደ ወትሮዋ ወደ ጓዳ አልገባችም።

«ይጠሩታል አይደል፣ ጋሼ?» አለችው።

«እጠራዋለሁ።»

ዋሪቱ እንደ መተንፈስ አለችና የሰውየው ስም ሲጠራ ቢያንስ ሌሊቱን እንደምትተኛ ነገረችው፤ ባሏን ማን እንደ ገደለባት ሳታውቅ ልጆቿን ምን ብላ እንደምታሳድግ እንደማታውቅ ተናገረች። ነመራ አንዲት ጎደሬ አንሥቶ ልጦ ሣህኑ ላይ መለሳት። ከመጥራቱ በፊት መኪናዋን በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ ሲነግራት ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። ብረት ምን ይናገራል ብላ ሣህኑን አነሣች።

የወንድይራድ ግቢ ከገበያው በላይ፣ ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ነው። በሐምሌ ቡና ስለማይኖር መጋዘኑ ባዶ ነበር፤ ባዶ ጆንያ ይሸታል። የነጋዴው ሚስት ወይዘሮ ወለተ ማርያም በረንዳ ላይ ቆማ ነመራን ስታየው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንዴት ሰነበቱ፣ ያቺስ ልጅ እንዴት ናት፣ እህል ትቀምሳለች ወይ እያለች ጠየቀችው፤ ይግቡ ግን አላለችውም። ባሏ ወጥቶ ቆሞ ሰላምታ ሰጠው። ስለ ዝናቡ አወራ። የጅማ መንገድ በጭቃ ተዘግቶ በርሜል ቤንዚን የጫነ መኪና ከመጣ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው፣ አንድ ጠርሙስ ጋዝ መቱ ላይ አርባ ሳንቲም መግባቱን ነገረውና ቡሬ ላይ ስንት እንደሆነ ጠየቀው። ነመራ ሠላሳ አምስት ብሎ መለሰ። ሰውየው ይህን ሁሉ የሚያወራው ስለ ሌላው ነገር ላለማውራት ነው ብሎ ነመራ በልቡ ያዘ። በመጨረሻ መኪናዋን ልያት ሲለው ወንድይራድ የቀለበት ጣቱን ማሻሸት ጀመረ።

«ምን ያደርግልሃል፣ ነመራ? ቁስልህን መነካካት ነው» አለ። ቀጥሎም አራርሳ እየጠገናት እንደሆነ፣ መንገዱ ሲከፈት ጅማ ወስዶ እንደሚሸጣት፣ ዓይኑ እንዲያያት እንደማይፈልግ ተናገረ። ያን ቀን ራሱ ባይልከው ኖሮ ይኸኔ ልጁ በሕይወት ነበር፤ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ብቻ ሰጥቼ በዚህ ደርሰህ ተመለስ ያልኩት እኔ ነኝ እያለ ወደ መጋዘኑ ጀርባ በእጁ አመለከተው። ነመራ የጀሪካኑን ነገር ሰምቶ አልሰማውም። በልቡ የቀረው የሞተ ሰው መኪና አሥራ ሁለት ቀን ሳይሞላው መጠገኑ ነበር። የሚጠግነውም ያ ሰው መሆኑ።

አራርሳ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ በአራት እንጨት ላይ በተወጠረ ሸራ ሥር ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ቀጭን፣ ጅማ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ነመራን ሲያይ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሰው እጁ ላይ ብረት እንዳያይበት የፈለገ ይመስል ነበር። መኪናዋ በግራ ጎኗ ተጨፍልቃለች፤ ጣሪያዋ ገብቷል፣ የሾፌሩ በር ወልቋል፤ አፍንጫዋ ግን እንዳለ ነው። ወንበሩ ታጥቧል። ነመራ ለምን እንዳጠበው ጠየቀው። ዋሪቱ ድንገት ብትመጣ እንዳታየው ብዬ ነው አለ አራርሳ። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑ ራሱ ነመራን አስጠረጠረው። በዚያ ምሽት ከሥሯ ምን ታደርግ ነበር አለው።

አራርሳ ኮፈኑን ከፍቶ ከጠርሙስ ትንሽ ቤንዚን ጠብ አደረገና በወለቀው በር በኩል ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ሞተሩ ያለ ምንም ችግር ተነሣ። ከዚያ ወደ ኋላ ብሎ፣ «ይግቡና ይቀመጡ፣ ጋሼ ነመራ» አለ።

ነመራ በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አልፈለገም። አሥራ ስምንት ዓመት ካሚዮን ነድቷል፤ የቀኝ ትከሻው ተሰብሮ ሥራውን እስከ ተወ ድረስ ከጎሬ እስከ ጅማ ያለውን ጭቃ ሁሉ በእጁ ያውቀዋል፤ የወንድሙ ደም የፈሰሰበት ወንበር ላይ ግን እግሩ አልሄድ አለው። በመጨረሻ ገብቶ ተቀመጠ። በአንድ ጣትዎ ያዙሩት ሲለው አመልካች ጣቱን መሪው ላይ አድርጎ ገፋ። መሪው እንደ ተልባ ሙልጭ ብሎ ዞረ። ከፊት ያሉት ጎማዎች ጭቃውን እየፈጩ ሲዞሩ ያያቸዋል፤ እጁ ላይ ግን የጎማም የጭቃም ወሬ የለም። ነመራ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አላጋጠመውም። ወንድሙ ሱቁ በር ላይ ቆሞ መዳፉን ለምን እንደሚያይ ያን ጊዜ ገባው። ከዚያ አራርሳ እጁን ሰዶ ቁልፉን አጠፋ።

«አሁን ያዙሩት።»

ነመራ በጣቱ ገፋ። አልነቃነቅ አለ። በአንድ እጁ ያዘው፤ ከዚያ በሁለት እጁ ያዘው፤ የተሰበረ ትከሻው እስኪጮህ ድረስ ደረቱን ጨምሮ ሲጫነው መሪው አንድ ስንዝር ያህል እያጓራ ሄዶ ቆመ። ሥር የሰደደ ጉቶ እንደ መንቀል ነበር። አራርሳ ጎንበስ ብሎ በኮፈኑ ሥር ቺንጊያ የሚሉትን አንድ ጥቁር የላስቲክ ቀበቶ አሳየው። ከሞተሩ ጋር የታሰረ ፓምፕ አለ፤ ዘይት እየገፋ መሪውን የሚያግዘው እሱ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ አጋዡም ይጠፋል፤ ያን ምሽት ከሥሯ ተኝቶ ያየው የፓምፑ ዘይት ይፈስ እንደሆነ፣ ያጠበቀውም ይህንኑ ቺንጊያ ነው። ይህን ሁሉ በዝግታ ነገረው። ነመራ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ እንግዲያው ሞተሩ መንገድ ላይ እንዲጠፋ አድርገሃላ አለው። ነገሩ ቦታ ቦታውን ይዞለት ነበር፤ ይህን ለሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚያስረዳ እንኳ ማሰብ ጀምሯል።

«ሞተር በራሱ ቢጠፋ ቁልፉ እንደ ተከፈተ ይቀራል» አለ አራርሳ። «ገደል የወረድነው እኔና ፖሊሱ አብረን ነው። ቁልፉ ተዘግቶ ነው ያገኘነው። ማርሹም ፎሌ ላይ ነበር። ፖሊሱ ያየውን ጽፎ ወደ ጎሬ ልኮታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቅም። እርስዎ ያውቃሉ።»

ነመራ ያውቃል። በኢሉባቦር መንገድ ካሚዮን የነዳ ሁሉ ያውቃል። ክረምት ገብቶ ቤንዚን ሲጠፋ ሾፌር ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ማርሹን ፎሌ አድርጎ ጎማውን ከሞተሩ ያላቅቃል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ መኪናውን ወደ ወንዙ ይለቅቀዋል፤ ድልድዩ ሊደርስ ሲል መልሶ ያስነሣል። አንድ ጀሪካን ብቻ የተሰጠው ሾፌር ሌላ ምን ያደርጋል? በካሚዮን ላይ ይህ ምንም አልነበረም። የካሚዮን መሪ ሞተሩ በራም ጠፋም ያው ከባድ ነው፤ ሾፌሩም ከመጀመሪያው ትከሻውን አዘጋጅቶ ይይዘዋል። ይህቺ ግን ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ጣት ስታባብለው ኖራ፣ ኩርባው አፍ ላይ ድንገት ድንጋይ ሆነችበት።

አራርሳ አሁን መሬት መሬት እያየ ነበር። «ቺንጊያውን ሳጠብቅ ነግሬው ነበር» አለ። «ቤንዚን ቢያጥርህም ይህቺን ቁልቁለት ላይ እንዳታጠፋት አልኩት። ሳቀብኝ። 'ወንድሜ ነመራ አርባ ኩንታል ጭኖ ሞተር አጥፍቶ ሶርን ወርዷል፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አንተ መካኒክ እንጂ ሾፌር አይደለህ' አለኝ። ይህን ለማን ልናገር? ገዳይ ነፍሱን ለማዳን ሟችን ከሰሰ ይሉኛል። ለእርስዎ ልነግር ድንኳኑ ድረስ መጣሁ። ሲያለቅሱ አየሁዎትና አፌ እምቢ አለኝ።»

ነመራ ከዚያ ወንበር ላይ አልተነሣም። ዲንቃን ያስተማረበት ቀን ከፊቱ ተደቀነ። ልጁ ሃያ ዓመቱ ነበር። ሶር አናት ላይ ሲደርሱ ፈርቶ ሞተሩን አላጠፋም ቢል ነመራ ራሱ እጁን ሰዶ አጠፋበትና፣ ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያበራ ሰው በዝናብ ጊዜ ጎመን የሚያጠጣ ሰው ነው ብሎ አሳቀው። ካሚዮኑ በጸጥታ ወረደ፤ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታና የወንዙ ድምፅ ብቻ ነበር። ዲንቃ ከዚያ ወዲህ ያንን ጸጥታ ይወደው ነበር።

ከግቢው ወጥቶ ሲሄድ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ካፊያው ጀምሯል። ልቡ ሁለት ሆኖ እርስ በርሱ ይሟገታል። ስሙን ቢጠራው ምን ይሆናል? አራርሳ ይምላል፤ ሲምልም እውነቱን ነው የሚምለው፤ እግዜርም ያውቃል። ዋሪቱ ትተኛለች። ዲንቃ በሰው ክፋት እንጂ በገዛ ስሕተቱ አልሞተም ይባላል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ ማን ሊያሳጥረው ይደፍራል? ይህን እያሰበ ወደ ገበያው ሲታጠፍ ዲሪቤን አገኛት። ሰው ከማይቀዳበት ከሩቁ ወራጅ ውሃ ተቀድቶ የመጣ፣ ጭቃ የመሰለ ውሃ ተሸክማለች። ስታየው ከመንገዱ ወርዳ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች፤ እስኪያልፍ ድረስ ዓይኗን አላነሣችም። ነመራ ደህና ዋልሽ ሳይላት አለፈ። ጥቂት ሄዶ ወደ ኋላ ሲመለከት አሁንም ቦዩ ውስጥ ነበረች።

ሽማግሌዎቹ ከገበያው ጀርባ ዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል። ሰው ብዙ ነው። ወንድይራድ ጥላ ይዞ ከዳር ቆሟል፤ አራርሳም ከሰው ራቅ ብሎ፣ ስሙ የሚጠራ ሰው ሁኔታ ይዞ ቆሟል። የፖሊስ ጣቢያው ጸሐፊ ጉልበቱ ላይ ባደረጋት ሣንቃ ላይ የሟቹን ስም ዲንቃ ባጫ ብሎ ከላይ ጽፎ ይጠብቃል። ከሟች ወገን ዋሪቱና ሁለት አጎቶች አሉ፤ ነመራ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ አባ ቀጀላ መጀመሪያ በኦሮምኛ መረቁ፤ ቀጥለው ጸሐፊው እንዲሰማ በአማርኛ ጠየቁት።

«ነመራ፣ የወንድምህን ሞት ከማን ትጠይቃለህ?»

«ከነመራ» አለ።

ሰው አልገባውም። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ነመራ የሚባል ብዙ ነው፣ የአባቱን ስም ንገረኝ አለው።

«ባጫ።»

ጸሐፊው ከላይ የጻፈውን አየ፤ ቀና ብሎ ሰውየውን አየ፤ አልጻፈም። ነመራ ከዘመዶቹ ጎን ወጥቶ ባዶውን ቦታ ተሻግሮ ማዶ ለብቻው ቆመ። አባ ቀጀላ፣ ልጄ፣ የሚያናግርህ ሐዘን ነውና ተመለስ አሉት። አልተመለሰም። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ማርሹ፣ ሲጠፋ ድንጋይ ስለሚሆነው መሪ፣ ሶር አናት ላይ በገዛ እጁ ስላጠፋው ሞተር ሁሉንም በተራ ተናገረ። ድምፁ አልጮኸም፤ ከኋላ ያሉት እንዲሰሙ ሰዎች እየተቀባበሉ ያስተላልፉ ነበር። በሰዉ መካከል ከነበሩት ሾፌሮች አንዱ፣ እንዲህ ከሆነ ሁላችንም ነና የምንጠራው አለ፤ የሳቀ ግን የለም። ጀሪካኑ ሲነሣ ወንድይራድ ጥላውን ዝቅ አደረገ። አባ ቀጀላ ሴትን መጠየቅ በወጉ ያልተለመደ ቢሆንም ወደ ዋሪቱ ዞረው የምትይው አለሽ ወይ አሏት።

ዋሪቱ ነመራን አየችው። «ያን ጊዜ ሲያስተምሩት እንዲህ ያለ መሪ በዓለም ላይ እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ሱቄ በር ላይ መጥቶ ሲነግረኝ ግን ስቄበታለሁ። የመጣው ሊጠይቀኝ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። አራርሳ ስሙ አልተጠራምና ወደ ቤቱ ይሂድ፤ በእሱም በሚስቱም ላይ ቃል የሚናገር ይቀጣል አሉ። የነመራን ነገር ከአርባ በኋላ እናየዋለን፤ እስከዚያ ወጉ ወግ ነው፤ ራሱን ጠራ ብለን ለሱ አናጥፈውም አሉ። ጸሐፊው ያን ጊዜ ጻፈ። ሰው ተበተነ። ማንም ወደ ነመራ አልቀረበም፤ አራርሳ ብቻ ትንሽ ራመድ ብሎ፣ መጨበጥ ይገባው አይገባው እንደሆነ ያላወቀ ይመስል ቆሞ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

ዋሪቱ ወደ ቤቷ ስትወርድ ነመራ ሳያስበው ተከተላት። አሥራ ሁለት ቀን የለመደው መንገድ ነው። እሷ ከፊት፣ እሱ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላ፤ አንዴም ዞራ አላየችውም። አጥሩ በር ላይ ስትደርስ ገብታ በሩን መለሰችው። እሱ እንጨቱን ሊገፋ እጁን ከዘረጋ በኋላ ወጉ ትዝ አለውና እጁን መለሰ። ካፊያው ዝናብ ሊሆን ነው። ቡሬ ሩቅ ነው፤ በዚህ ሰዓት የሚሄድ መኪናም የለም። ከውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ ሲንቀሳቀሱ ሰማ፤ ዋሪቱ ብቻዋን አንድ በአንድ እያወረደች መስኮቱን ትከፍት ነበር። ጥቂት ቆይታ ወጣች። የዲንቃን ጋቢ አጥፋ ይዛለች። ለእጁ አልሰጠችውም፤ አጥሩ ላይ አኖረችለት።

«ብርድ እንዳይመታዎት፣ ጋሼ» አለችና ገባች።